ፊት መስጠትና ፊት መንሣት፦ ከድባቴ ስለ ማገገም

እግሩ ለተሰበረ ሰው ወጌሻ ይጠራለታል። ወጌሻውም አጥንቱን አጋጥሞ፣ በሸምበቆ ጠፍሮ ካሰረ በኋላ፣ «እስከዚህ ቀን ድረስ እግርህ መሬት እንዳይነካ» ብሎ ያዝዛል። በትእዛዙ ላይ የሚከራከር የለም። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ አለቃው ሁሉ ቀኑን ይቆጥሩለታል፤ ከቀኑ በፊት ለመቆም ቢሞክር እንኳ ይቆጡታል። መንፈሱ ለተሰበረ ሰው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። «በርታ፣ ተነሥ፣ ምን ጎደለብህ?» የሚለው መካሪ ብዙ ሲሆን፣ ቀን የሚቆጥርለት ሰው ጥቂት ነው። ሰንብቶ ካልተነሣም ምክሩ ወደ ወቀሳ፣ ወቀሳውም ወደ ዝምታ ይለወጣል። በመጨረሻም ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩበታል።

ለመሆኑ ይህ ልዩነት ከምን የመነጨ ነው? በአጥንትና በመንፈስ መካከል ባለ እውነተኛ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው ወይስ ካለማወቅ የመጣ በደል? ደግሞስ ታሞ የወደቀን ሰው ማንሣት የማን ግዴታ ነው? የራሱ የሕመምተኛው፣ የሐኪሙ፣ ወይስ አብረውት የሚኖሩት ሰዎች? እነዚህ የሥነ ምግባር ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የሥነ ምግባር ጥያቄ በመልካም ምኞት ብቻ አይፈታም፤ የነገሩን ተጨባጭ ሁኔታ ማወቅን ይጠይቃል። ስለዚህ አስቀድመን ሳይንስ ስለሚያገግም አንጎል የደረሰበትን አጠር አድርገን እንመለከታለን፤ ከዚያም ወደ ግዴታው ጥያቄ እንመለሳለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ቋንቋችን የሐዘን ቃል አልነጠፈበትም። ትካዜ አለ፣ ብሶት አለ፣ ቁዘማ አለ። ሐኪሞቻችን «ድባቴ» የሚሉት ሕመም ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ያዘነ ሰው የሚያዝንበት ነገር አለው፤ ልጁን ቀብሮ፣ ቤቱ ተቃጥሎበት፣ ወዳጁ ከድቶት ያዝናል። ሲያለቅስ ይቀለዋል፤ ሲያጽናኑት ይሰማል። በድባቴ የተያዘ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንባ እንኳ አይወጣውም። ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ ብዙውን ጊዜም ለወራት፣ ደስ ያሰኘው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ያጣበታል። እንቅልፉ ይዛባል፤ ምግብ ይከብደዋል፤ አሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፤ ራሱንም እንደ ዋጋ ቢስ ይቆጥራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. የ2019ን ሁኔታ መሠረት አድርጎ ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ሕመም ይሠቃዩ ነበር።

ቋንቋችን ሐዘንን በራስ ቅል ውስጥ አላኖረውም። ሆድ ይብሳል፣ ልብ ይሰበራል፣ አንጀት ይላወሳል። «አእምሮ» የሚለው ቃል ቢሆንም አእመረ፣ ማለትም ዐወቀ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነውና ማወቅን እንጂ አካልን አያመለክትም፤ ለአካሉ «አንጎል» የሚል ሌላ ቃል አለን። የጥንት ግሪኮችም በበኩላቸው የዚህን ሕመም ምንጭ በጥቁር ሐሞት ውስጥ ፈልገውት ነበር፤ ሜላንኮሊያ የሚለው ቃላቸው ትርጉሙ ይኸው ነው። የሰው ልጅ ሐዘኑን ከሆዱ፣ ከልቡና ከሐሞቱ አንሥቶ ወደ አንጎሉ ለማዛወር ረጅም ዘመን ፈጅቶበታል። ሲያዛውረውም አንድ አሮጌ ስሕተት ትቶ አንድ አዲስ ስሕተት ይዞ ነው።

አሮጌው ስሕተት ድባቴን የፈቃድ ድካም ያደርገዋል። በዚህ አመለካከት መሠረት የታመመው ሰው ሰነፍ ነው፤ ወኔ ጎድሎታል፤ ቢፈልግ ኖሮ በተነሣ ነበር። አዲሱ ስሕተት ደግሞ ድባቴን የአንድ ንጥረ ነገር ጉድለት ብቻ ያደርገዋል፤ የጎደለው ሲሞላ ነገሩ ሁሉ ያበቃል ባይ ነው። ፊተኛው ሰውየውን ይወቅሰዋል። ኋለኛው ከወቀሳ ነጻ ያወጣዋል፤ ነገር ግን ዘይት እንደሚጨመርለት ሞተር ስለሚመለከተው በዚያው መጠን ሰውነቱን ይነጥቀዋል። ሁለቱ ባላጋራዎች ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም በዙሪያው ያለነውን ሰዎች ከግዴታ ያሰናብቱናል። ፊተኛው «ራሱ ይወጣው» ይለናል፤ ኋለኛው «ሐኪሙ ይወጣው» ይለናል። የሚያገግም አንጎል ታሪክ ግን ከሁለቱም ጋር አይስማማም።

የነርቭ ሕዋስን ቅርጽ አጥርቶ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ1906 ከጣልያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው እስፓኛዊው ሊቅ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል፣ የአዋቂ ሰው የነርቭ መንገዶች የተወሰኑና የማይለወጡ ናቸው የሚል አስተያየት ነበረው። ይህም አስተያየት ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ ሕግ ተቆጠረ። በ1960ዎቹ ጆሴፍ አልትማን የተባለ ተመራማሪ በአዋቂ አይጦች አንጎል ውስጥ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንደሚወለዱ ሲያስታውቅ እምብዛም ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን ፒተር ኤሪክሰን፣ ፍሬድ ጌጅና ባልደረቦቻቸው ይኸው ልደት በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥም መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አቀረቡ። ቦታው ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ አዲስ ነገር የምንማርበትና ትዝታን የምንመዘግብበት ክፍል ነው። ክርክሩ በዚህ አልተዘጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጡት ሁለት ጥናቶች አንደኛው በአዋቂ ሰው ላይ ልደቱ የለም ወደ ማለት ሲያዘነብል፣ ሁለተኛው እስከ እርጅና ይቀጥላል ብሏል።

የማያከራክረው ነገር ሌላ ነው። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት እንዳሉ ይገመታል፤ እነዚህ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸው መጋጠሚያዎች ዕድሜ ልክ ሲጠብቁና ሲላሉ፣ ሲበቅሉና ሲከስሙ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት፣ የከተማይቱን መንገዶች ሁሉ በቃላቸው ያጠኑ የሎንዶን የታክሲ ነጂዎች የሂፖካምፐሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው ሰፍቶ መገኘቱን አሳይቷል። በአንጻሩም ድባቴ በተመላለሰባቸው ሰዎች ላይ ይኸው ሂፖካምፐስ በአማካይ በመጠኑ አንሶ እንደሚታይ ከ1996 ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል። ከዚህ የምንረዳው አንጎል እንደ ድንጋይ ሐውልት አንድ ጊዜ ተቀርጾ የሚቀር አለመሆኑን ነው። ይልቁንም የተመላለሱበት እንደሚሰፋ፣ የተዉት ሣር እንደሚውጠው የእግር መንገድ ነው። የድባቴ ወራት አንዱን መንገድ፣ ወደ ራስ ወቀሳና ወደ ተስፋ ማጣት የሚወስደውን መንገድ፣ ይደለድላሉ። ማገገም ደግሞ ሌላውን መንገድ እንደ ገና መርገጥ ነው።

የመድኃኒቶቹም ታሪክ ወደዚሁ መደምደሚያ ያደርሰናል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተሠራው ኢፕሮኒያዚድ የተባለ መድኃኒት በሕሙማን ስሜት ላይ ያልታሰበ መነቃቃት ሲያመጣ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1957 ስዊሳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን ኢሚፕራሚን የተባለው መድኃኒት ድባቴን እንደሚያቀል አስታወቀ። በ1960ዎቹ ሕመሙ ነርቮች ከሚነጋገሩባቸው ንጥረ ነገሮች ማነስ የመጣ ሳይሆን አይቀርም የሚል መላምት ተስፋፋ። ፍሉኦክሴቲን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ ሴሮቶኒን የሚለው ስም ከሐኪም ቤት ወጥቶ በየቤቱ ገባ።

ሆኖም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያው አንድ እንቆቅልሽ ነበረ። መድኃኒቱ በእነዚያ ንጥረ ነገሮች ላይ የሚያመጣው ለውጥ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ ሕመምተኛው የሚሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ነገሩ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ የጎደለው በሞላ ዕለት በዳነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቿ የቀደሙትን ጥናቶች መርምረው፣ ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ ይመጣል ለሚለው አባባል ወጥ የሆነ ማስረጃ አላገኘንም አሉ። ይህ ማለት ግን መድኃኒቶቹ ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድሬያ ቺፕሪያኒና ባልደረቦቹ 116,477 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 522 ሙከራዎች አንድ ላይ መዝነው፣ የተመረመሩት 21 መድኃኒቶች ሁሉ፣ ልዩነቱ መጠነኛ ቢሆንም፣ መድኃኒትነት ከሌለው ማስመሰያ ክኒን የተሻሉ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ይረዳል፤ የሚረዳው ግን የጎደለ በመሙላት ብቻ አይደለም።

ታዲያ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ምን ይከናወናል? እ.ኤ.አ. በ2000 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት አንድ ፍንጭ ሰጥቷል፤ መድኃኒቱ ለጥቂት ቀናት ብቻ ሲሰጥ በሂፖካምፐስ ውስጥ ምንም አዲስ ነገር አልታየም፤ ለሳምንታት ሲሰጥ ግን የአዳዲስ ሕዋሳት ቁጥር ጨመረ። በሰው ላይ ደግሞ ሄለን ሜበርግና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳዩት፣ በሐዘን ጊዜ በአንጎል ፊት ለፊት በጥልቀት ያለው፣ በሊቃውንት አቆጣጠር «25» የሚል ቁጥር የተሰጠው ክፍል ሥራው ይበዛል፤ አሳብንና ትኩረትን የሚመሩት የላይኞቹ የግንባር ክፍሎች ይቀዘቅዛሉ። ድባቴው ሲለቅ ይህ ሚዛን ተገልብጦ ይታያል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጥናት ነው። በመድኃኒት የዳኑትና ያለ መድኃኒት፣ በንግግር ሕክምና ብቻ የዳኑት ሕሙማን አንጎላቸው ሲመረመር በሁለቱም ወገን ለውጥ ተገኘ፤ የለውጡ መልክ ግን የተለያየ ነበር። እንግዲህ ክኒን ቁስ ነው፣ ቃል ግን አየር ላይ የሚበተን መንፈስ ነው ብለን የምናስብ ከሆነ ተሳስተናል። ቃልም በአካል ውስጥ ሥራ ይሠራል። በሚገባ የተነገረና በሚገባ የተደመጠ ቃል የሰውን አንጎል ይለውጣል።

የክርክራችን ማዕከል የሆነው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። በድባቴ የተያዘ ሰው የሌላውን ሰው ፊት ሲመለከት እንደ ጤነኛ ሰው አያነብበውም። ፈገግታ ያመልጠዋል፤ ቅሬታን ግን ቶሎ ይለቅማል፤ ምንም ስሜት የሌለበትን ፊት እንኳ ያዘነበት ወይም የናቀው ሊመስለው ይችላል። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ሃርመርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ የድባቴ መድኃኒት ሕሙማኑ ደስተኛ ፊትን ለይተው የማወቅ ችሎታቸውን እንዳሻሻለ አሳይተዋል። ሕሙማኑ ግን በዚያን ጊዜ ገና «ተሻለኝ» አላሉም፤ ስሜታቸው አልተለወጠም ነበር። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ማብራሪያ እንዲህ የሚል ነው፦ መድኃኒቱ ደስታን በቀጥታ አይሰጥም፤ አስቀድሞ የማየትን ሚዛን ያስተካክላል። ከዚያ በኋላ ሰውየው በየቀኑ በሚያየው ፊት፣ በሚሰማው ቃል፣ በሚደርስበት አቀባበል ቀስ በቀስ አዲስ ትምህርት ይማራል። ሳምንታቱ የሚያስፈልጉት ለዚህ ትምህርት ነው።

ይህ ማብራሪያ እውነት ከሆነ፣ ከእርሱ የሚከተለው የሥነ ምግባር መደምደሚያ ከባድ ነው። መድኃኒት ዐይንን ይከፍት ይሆናል፤ የተከፈተው ዐይን የሚያየውን ፊት ግን መድኃኒት ቤት አይሸጥም። ያ ፊት የእኛ ነው። በማገገም ላይ ያለ ሰው ከወራት ጨለማ በኋላ ቀና ብሎ የሰውን ፊት ለማንበብ በሚሞክርበት ሰዓት ስልቹ ፊት፣ የሚያፌዝ ፊት፣ ወደ ሌላ የዞረ ፊት ቢያገኝ፣ አንጎሉ የሚማረው ያንኑ አሮጌ ትምህርት ነው። ቋንቋችን ይህን ጉዳይ በራሱ መንገድ ያውቀዋል። ሰውን ማግለል በአማርኛ «ፊት መንሣት» ነው፤ ማቅረብ «ፊት መስጠት» ነው። መንሣትና መስጠት የንብረት ቃላት መሆናቸውን ልብ ይሏል። ፊታችን ለሌላው የምንሰጠው ወይም የምንነፍገው ሀብት ነው ማለት ነው።

ፊት መስጠት ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ወደ ዚምባብዌ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ ከተማ አንድ ሥራ ጀመረ። በአገሪቱ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ስለነበሩ፣ በጤና ጣቢያዎች ያገለግሉ የነበሩ አሮጊቶችን አሠለጠነ። አሮጊቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ፣ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ከሕመምተኛው ጋር ተቀምጠው ያዳምጡታል፤ ከችግሮቹም አንዱን እንዲመርጥና መፍትሔውን በየደረጃው እንዲሞክር ይረዱታል። የሕመሙንም ስም ከውጭ አላመጡም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ አሳብ ማብዛት ማለት ነው። በእኛስ አገር «አሳብ ገደለኝ» አይባልምን? ሥራው በ24 ጤና ጣቢያዎችና በ573 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ፣ ከ6 ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የቀረባቸው ሰዎች ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት መካከል ከመቶ 14 ያህሉ ሲሆኑ፣ የተለመደውን አገልግሎት ብቻ ካገኙት መካከል ግን ከመቶ 50 ያህሉ ነበሩ። የአሮጊቶቹ መሣሪያ ጊዜ፣ ጆሮና ፊት ነበረ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አያጠራጥርም። «ፊት ከሰጠነው ይለምደዋል» የሚል አባባል አለን። የመሥሪያ ቤት ኃላፊው፣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህሩ፣ የቴአትር አዘጋጁ ሁሉ ይህን ይፈራል። ለአንዱ ቢታገሡ ሌላውም ሕመምተኛ ነኝ ይላል፤ ሥራም ይበደላል። ይህ ስጋት መሠረት የሌለው አይደለም፤ ስለዚህም በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል። ፊት መስጠት ማለት ሥራን ሁሉ ከሰው እጅ መንጠቅ ማለት አይደለም። እንዲያውም ሥራን ሁሉ መንጠቅ ራሱ አንድ ዓይነት ፊት መንሣት ነው፤ «ከአንተ ምንም አይጠበቅም» የሚል ድምፅ አለውና። ፊት መስጠት ማለት የሚችለውን ያህል መስጠት፣ የሠራውን ማየት፣ ያልሠራውን በወቅቱ አለመቁጠር ነው።

አንድ መምህር እናስብ። ለወራት በድባቴ ተይዞ የተማሪዎቹ ደብተሮች በጠረጴዛው ላይ ተከምረው ኖረዋል። ሕክምና ጀምሯል። አንድ ቀን ከስድሳው ደብተር አሥሩን አርሞ ይመጣል። ባልደረባው «አሥር ብቻ?» ቢለው፣ ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሃምሳ ደብተሮች ቀርተዋል። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። እነዚያ አሥር ደብተሮች በጤንነቱ ዘመን ካረማቸው ሺህ ደብተሮች የበለጠ ጉልበት ጠይቀውታል። «አሥሩ ደረሱ፤ የቀሩትን ነገ እናያለን» የሚለው ባልደረባ መምህሩን አላሰነፈውም፤ ነገ ለሚያርመው ለአሥራ አንደኛው ደብተር መንገድ ጠርጎለታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ይህን ተረት ለልጅና ለተማሪ በቀላሉ እንናገረዋለን፤ ለታመመ ጓደኛችን ግን እንነፍገዋለን።

ጊዜ መስጠት ለባህላችን እንግዳ ነገር አይደለም። ለሞት ሐዘን የጊዜ ሥርዓት ሠርተናል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ለቅሶ ደራሹ መጥቶ፣ ብዙም ሳይናገር ተቀምጦ፣ ፊቱን አሳይቶ ይሄዳል። በሠልስቱ ዕለት «አሁንስ አልበቃህም?» ብሎ ሐዘንተኛን የሚቆጣ ሰው ነውረኛ ይባላል። አባቶቻችን የነርቭን መጋጠሚያ ባያዩትም፣ የተሰበረ ልብ በትእዛዝ እንደማይጠገን፣ ጊዜና የሰው ፊት እንደሚያስፈልገው ተረድተው ነበር። የጎደለው ነገር ይህን ጥበብ ሬሳ ላልወጣበት ሐዘን ማራዘም ነው። ድባቴ ድንኳን አይተከልለትም፤ ስለዚህም ጎረቤት አይሰማም፤ ሰውየውም በዝግ ቤት ብቻውን ይቀመጣል። ከጠበልም ሆነ ከሐኪም ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ይኸው ዝግ ቤት ከሆነ ፈውሱ ያለ ረዳት ይቀራል። የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ መኖሩን ስናስታውስ፣ የሕመምተኛው አብዛኛው የማገገም ዘመን በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳይሆን በእኛ መካከል እንደሚያልፍ ግልጽ ይሆንልናል።

ይህን ስንል የሕመምተኛውን ድርሻ መካዳችን አይደለም። አርስቶትል ሰው ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት ፍትሐዊ፣ የጀግንነት ሥራ በመሥራት ጀግና ይሆናል ሲል ያስተማረው ትምህርት እዚህም ይሠራል። በድባቴ ላይ ውጤታማ ከሆኑት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ፣ ፍላጎት እስኪመጣ ሳይጠብቁ አስቀድሞ በትንሽ ሥራ መጀመርን ያስተምራል፤ ፊትን መታጠብ፣ እስከ መንገዱ ጫፍ ተራምዶ መመለስ፣ ለአንድ ወዳጅ መደወል። በቴአትር ቤት ይህን እናውቀዋለን። ተዋናይ ስሜቱ እስኪመጣለት ተቀምጦ አይጠብቅም፤ በባዶ መድረክ ላይ፣ ያለ ልብስና ያለ መብራት፣ አንዱን ቃል መቶ ጊዜ ይደጋግመዋል፤ አንድ ቀን ቃሉ የራሱ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ልምምድ የሚሆነው የሚያለማምድ ሲኖር፣ ሲሳሳቱ የማይስቅ ጓድ በመድረኩ ላይ ሲኖር ነው። ፈቃድ አለ፤ ሆኖም ፈቃድም እንደ እግር የሚታመምና የሚድን ነገር ነው። የታመመውን ፈቃድ «ለምን በፈቃድህ አትነሣም?» ብሎ መውቀስ፣ የተሰበረውን እግር «ለምን በእግርህ ወደ ወጌሻ አትሄድም?» ብሎ እንደ መውቀስ ነው።

ለኪነ ጥበብ ሰዎች ለብቻ የምንለው አለን። በመካከላችን «ሐዘን የጥበብ እናት ናት» የሚል እምነት ሥር ሰድዷል፤ አንዳንዱም «ብድን መጻፌ ይቀራል» ብሎ ሕክምናን ይሸሻል። ሐዘንና ድባቴ አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። የትዝታ ዜማ የሚወጣው ከሐዘን ነው፤ ሐዘን ግን ሕያው ነው፣ ያስታውሳል፣ ይመኛል፣ ይጣራል። ድባቴ ትዝታ ራሱ የማይነካው ዝምታ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ዊልያም ስታይረን እ.ኤ.አ. በ1985 በጽኑ ድባቴ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ስለዚሁ ሕመም የጻፈውን መጽሐፉን ያወጣው ግን ከዳነ በኋላ፣ በ1990 ነው። ጨለማውን መግለጽ የቻለው ከጨለማው የወጣው ሰው ነው። አንድን ገጣሚ ለግጥሙ ስንል በሕመሙ ውስጥ እንዲቆይ መመኘት፣ ለሙቀት ስንል የሰው ቤት እንዲቃጠል መመኘት ነው።

ከሁሉ በላይ ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ሐኪሞች የሚያስጠነቅቁት አንድ ነገር አለ፤ በማገገም መጀመሪያ ላይ ጉልበት ከተስፋ ቀድሞ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ይህ ጊዜ አደገኛ ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «እንግዲህ ተነሥቷል» ብለን የምንበተነው በዚሁ ሰዓት ነው። እንደዚሁም የድርጅቱ መመሪያ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምልክቶቹ ከጠፉለት በኋላም ለወራት መድኃኒቱን እንዲቀጥል ይመክራል። ይህ የሆነው ሕመሙ የመመለስ ባሕርይ ስላለው ነው። አንጎሉ የረገጠው አዲስ መንገድ ገና ሣሩ አልተነጨም፤ አሮጌውም መንገድ ገና አልተዘጋም። «ተሻለኝ» የሚለው ቃል የማገገም አጋማሽ እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በአጥንትና በመንፈስ መካከል ያለው ልዩነት ወቀሳን የሚፈቅድ ልዩነት ነውን? አይደለም። መንፈስም አካል አለው፤ ያም አካል እንደ አጥንት ተሰብሮ፣ እንደ አጥንት በጊዜው ይጠገናል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አጥንት የሰው ፊት ቢያይም ባያይም ይገጥማል። አንጎል ግን ከሌሎች ሰዎች ጋር በመኖር የሚሠራ፣ በሰው ቃልና በሰው አቀባበል የሚቀረጽ አካል ነው፤ ስለዚህም ፈውሱ በከፊል ከራስ ቅሉ ውጭ፣ በእኛ ዘንድ ተቀምጧል። ይህ ልዩነት የሕመምተኛውን ዕዳ አያበዛም፤ የእኛን ዕዳ ያበዛል። ደመወዝ የሚቆርጥ ደብዳቤ፣ የሚያስጨንቅ የቤት ኪራይ፣ የሥራ ማጣትም በዚሁ አንጎል ላይ ስለሚጽፉ፣ ዕዳው በፈገግታ ብቻ የሚከፈል አይደለም፤ ሥራውን ጠብቆ ማቆየትን፣ ወደ ሐኪም ቤት አብሮ መሄድን፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ማገዝን ይጨምራል።

ይህ ጽሑፍ የሚደርሳቸው አንባቢዎች በየሥራቸው የሌላውን ሰው ጊዜ በእጃቸው የያዙ ናቸው። ካድሬው ሰውን ያሠማራል፣ ይመዝናል። መምህሩ ይጠይቃል፣ ነጥብ ይሰጣል። አዘጋጁ የመድረኩን ድርሻ ያድላል፣ ይነሣልም። በምዘናው ቅጽ ላይ «ተነሣሽነት ይጎድለዋል» ብሎ ከመጻፍ በፊት፣ «ከመቼ ወዲህ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሦስት ጊዜ ከልምምድ የቀረውን ተዋናይ ስም ከመሰረዝ በፊት ወደ ቤቱ ሰው መላክ ይቻላል። ወደ ክፍል ሲመለስ እንደ ተአምርም እንደ ሸክምም ሳያዩት «ወንበርህ እዚያው ነው» ማለት ይቻላል። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ሆኖም የሚያገግም ሰው አንጎል የሚማረው ከእንደነዚህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው፤ በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ቀን፣ ከአንድ ፊት ሳይሆን ከብዙ ፊት።